ሳልቀምስ የተማርኩት ወይን

ዘንድሮ የፋሲካን ምሳ እህቴ ቤት በላን። ልጇ ሕሊና ከመሥሪያ ቤቷ የተሰጣትን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ከፈተችና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ቀዳች። ስትቀዳ እስከ አፉ ሞላችው። ወይኑ ከብርጭቆው ከንፈር ጋር ትክክል ሆኖ፣ ሳላፈስ እንዴት እንደማነሳው ግራ ገባኝ። በማዕዱ ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ያዩኝ ጀመር። ለምን እንዳዩኝ አውቃለሁ። በመጀመሪያ የአራተኛ ክፍል ልጆችን፣ ኋላ ደግሞ የሆቴል አስተናጋጆችን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ወይን በተከፈተበት ቤት ስለ አቀዳዱ ሳላስረዳ የተነሣሁበት ቀን ጥቂት ነው።

በዚያን ቀን ግን ቃል አልወጣኝም። ብርጭቆውን ሳየው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ዱባይ ውስጥ እኔው ራሴ እንዲሁ አድርጌ የሞላኋቸው ሁለት ብርጭቆዎች ትዝ አሉኝ። በእነሱ ምክንያት ከሥራ ልባረር ነበር።

ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት አስተምሬ፣ ዱባይ፣ ዴራ በሚባል ሰፈር ውሃው ዳር ባለ አንድ ሆቴል የአስተናጋጅነት ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። አባቴ ሲሸኘኝ «ጠመኔ ጥለሽ ሳህን ልታመላልሺ?» አለኝ። መልሱን ሠርቼ አሳየዋለሁ ብዬ ነበር።

የምኖረው ከዱባይ ቀጥሎ ባለችው ሻርጃ፣ ሮላ አካባቢ፣ አራት ሴቶች ሆነን በምንጋራው ክፍል ውስጥ በቢድ ስፔስ ነበር። ቢድ ስፔስ ማለት የአልጋ ቦታ ነው፤ ክፍሉ የሰው ነው፣ ኩሽናው የሁሉም ነው፣ ያንቺ የምትባለው አልጋዋ ብቻ ናት። ከእኔ ቀጥሎ ያለችው አልጋ የዘሀራ ነበረች። ዘሀራ የኮምቦልቻ ልጅ ነች፤ ከቤታችን አምስት ደቂቃ በማይርቅ የሽቶ ሱቅ ትሠራለች። አስተማሪ እንደነበርኩ ከሰማች ጀምሮ ስሜን ትታ «ቲቸር» ትለኛለች።

ሆቴል በገባሁ በአምስተኛው ወር ገደማ ነው ጥፋቱ የደረሰው። አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ራት ሊበሉ መጡና ከፈረንሳይ አገር የመጣ የቆየ ቀይ ወይን አዘዙ። የወይን ኃላፊያችን ሚስተር ፍራንሲስ ጠርሙሱን በክብር ከፍቶ ለሽማግሌው አስቀመሳቸው። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ ጠራውና «አንቺ ቅጂላቸው» ብሎኝ ሄደ።

ቀዳሁ። እኛ ቤት ለእንግዳ ጎዶሎ መስጠት «በቃህ፣ ተነስ» እንደማለት ነው። ጠላም ይሁን ጠጅ፣ ለሚከበር ሰው ሞልቶ ነው የሚቀዳው። ብርጭቆዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የሕፃን ራስ የሚያክሉ ነበሩ። ሁለቱን እስከ አፋቸው ስሞላ ጠርሙሱ አለቀ። ሽማግሌው ብርጭቆውን ማንሳት ስላልቻሉ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሳብ አደረጉት። ፊታቸው ሲኮማተር አየሁና መረረባቸው ብዬ አዘንኩ። አገር ቤት ወይን ሲመርር ምን እንደሚደረግ ደግሞ አውቃለሁ።

«ኮካ ላምጣልዎ? ይቀላቀልበታል» አልኳቸው።

ሚስተር ፍራንሲስ የጎዋ ሰው ነው፤ ጎዋ ብዙ ካቶሊኮች የሚኖሩበት የሕንድ ክፍለ ሀገር ነው። ቀጭን፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ በአራት የታጠፈ ነጭ መሐረብ የማይጠፋ፣ ሲቆጣ ድምፁ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሰው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጠራኝ።

«አስተማሪ ነበርሽ አሉኝ። ምን ነበር የምታስተምሪው?»

«ሁሉንም። አራተኛ ክፍል ነበር።»

«እዚህ አንደኛ ክፍል ነሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ያን ጊዜ ስድስት ብርጭቆ አቀርብልሻለሁ። የየትኛው አገር ወይን እንደሆነ፣ ስለ እሱም እንግዳ የሚጠይቅሽን አንድ ጥያቄ ትመልሻለሽ። ከስድስቱ አምስቱን ካላገኘሽ አልፈርምልሽም።»

ፊርማው ከሌለ ቪዛው ይሰረዛል፤ ቪዛው ከተሰረዘ ወደ አገር መመለስ ነው። አገር ቤት የማስተምርበት ክፍል ለሌላ ተሰጥቷል። አባቴ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «አገኛለሁ» አልኩት። ከዚያ በሆዴ ሳምንቱን ቆጠርኩ። በሚቀጥለው ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ፈተናው የሚውለው ጾሙ ውስጥ ነው።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ቢሆን እኛ ቤት በሁዳዴ መጠጥ የሚባል አይነካም። ሠራተኛው ወይን እየቀመሰ የሚማረው ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። እውነቱን ነገርኩት።

«ሳትቀምስ ወይን የምታቀርብ አስተናጋጅ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

«እናቴን አላዩም» አልኩት።

እና አስረዳሁት። ማስረዳት ስጀምር ማቆም አልችልም፤ ያን ጊዜም እንደዚሁ ነበርኩ። የፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚሠራው ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። የምትሠራው ሴት ጾመኛ ናት፤ በምላሷ ጫፍ እንኳ አትነካውም። እናቴ ድስቱ ላይ ጎንበስ ትልና ዓይኗን ጨፍና ታሸተዋለች። «ጨው አንሶታል» ትላለች፤ ወይም «ቁሌቱ ትንሽ ይቀረዋል።» በጣም ከተጠራጠረች ብቻ ለጾም ያልደረሰ ሕፃን ትጠራለች፤ «ነይ፣ ቅመሽልኝ» ትላለች። ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የእናቴ ምላስ እኔ ነበርኩ።

ሚስተር ፍራንሲስ መሐረቡን አውጥቶ ሳይጠቀምበት መልሶ አጠፈው። «እናትሽ ሁልጊዜ ልክ ናት?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«አብዛኛውን ጊዜ ለወጥ ይበቃል። ለእኔ አምስት ማለት አምስት ነው። አሽቺ።»

በዚያኑ ቀን የመቶ ገጽ ደብተር ገዛሁ። እንደ ትምህርት ዕቅድ አድርጌ በሳምንት ከፋፈልኩት፤ ለአንድ ሳምንት አንድ አገር፣ የመጨረሻው ሳምንት ለክለሳ። ጠዋት ጠዋት ሌሎቹ አስተናጋጆች ሲቀምሱ እኔ አሸታለሁ፤ እነሱ ተፍተው ሲጨርሱ እኔ እጽፋለሁ። የጀርመኑን ነጭ ወይን መጀመሪያ ያሸተትኩ ቀን ብርጭቆውን ልመልሰው ተነሣሁ። ላምባ ላምባ ይል ነበር፤ ከፋኖስ አጠገብ የተቀመጠ መስሎኝ። ሚስተር ፍራንሲስ «ተቀመጪ፤ ሲቆይ ሽታው እንደዚያ ነው፤ ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ወይን የሚሸተው ወይን ወይን ብቻ አይደለም፤ የማውቀውን ነገር ይሸታል። የቦርዶው እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ይሸታል፤ አራተኛ ክፍል በገባሁ ቁጥር አፍንጫዬን የሚቀበለኝን። የኒውዚላንዱ ነጭ የተሰነጠቀ ቃሪያ ነው። የአውስትራሊያው ቀይ ቁንዶ በርበሬ። ያንን ዓለም ለማወቅ የቸገረኝ ምላስ አልነበረም፤ ልምምድ ነበር።

ልምምዱን ግን የት? ሻርጃ ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው፤ ጠብታ ይዞ መግባት አይቻልም። ባይከለከልም ዘሀራ ካለችበት ክፍል አላስገባውም ነበር። ስለዚህ ለዓይኔ አጅማንን፣ ለአፍንጫዬ ዘሀራን መረጥኩ።

ከሻርጃ ቀጥሎ ባለችው አጅማን፣ ባሕሩ ዳር፣ ምልክት የሌለው አንድ የመጠጥ ሱቅ ነበር። ማክሰኞ ዕረፍቴ ስለሆነ በሚኒባስ ሄድኩና ደብተሬን ከፍቼ በመደርደሪያው ፊት ቆምኩ። ከጠርሙሶቹ ላይ አገሩን፣ ክፍለ ሀገሩን፣ የወይኑን ዓይነት በሠንጠረዥ መገልበጥ ጀመርኩ። ባለሱቁ ሕንዳዊ፣ የኬረላ ሰው ነው። ትንሽ አየኝና ወንበር አመጣ። ቀጥሎ ሻይ አመጣ።

«አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አልኩት፤ ገና አምስት ሰዓት ነው።

ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። ሻይ እምቢ የሚል የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። አቧራ የያዙትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያወረደ በሸሚዙ ይወለውል ጀመር። «ማዳም፣ ፈቃዱ በዚህ ሳምንት ይታደሳል፤ ባለቤቱ ቃል ገብቷል» አለኝ። አስተማሪ የነበርኩ አስተናጋጅ መሆኔንና ለፈተና እንደማጠና ስነግረው፣ ለእኔ ባመጣው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠበት። ሻዩንም ጠጣው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ከበሩ ሆኖ «ቲቸር፣ ቺሊ ገብቷል! ጣሊያን ገብቷል!» እያለ ይጠራኝ ነበር። ፍሬው ከመጨመቁ በፊት ወራት ሙሉ በጣራ ሥር ተዘርግቶ እንዲደርቅ ስለሚደረግ አንድ የጣሊያን ወይን ያነበብኩት እዚያ ነው። ደብተሬ ላይ ከጎኑ «ዘቢብ» ብዬ ጻፍኩ።

ዘሀራን ማሳመን ከዚህ ይከብዳል ብዬ ነበር። «ስለ መጠጥ ነው አይደል?» አለችኝ፣ ቀጥ ብላ እያየችኝ።

«ስለ መጠጥ ነው። ግን መጠጥ እዚህ አይገባም። ቅመምና ፍራፍሬ በብልቃጥ ነው የማመጣው።»

አሰበች። «ሽታ ለይ ብሎ ማስተማር የኔ ሹግል ነው፣ ሥራዬ ነው፤ ቀረፋ ቀረፋ ነው፣ ሎሚ ሎሚ ነው። የት እንደምትወስጂው ያንቺ ጉዳይ ነው። ግን አንቺ ልጅ፣ በእጅጌሽ እንኳ እዚህ እንዳታመጪብኝ፤ ወላሂ እንጣላለን።»

አላመጣሁም። አንድ ቀን ብቻ የወይን ጠብታ በሸሚዜ ጫፍ ላይ ደርቆ ሳላየው መጣሁ። ገና በሩን ስከፍት፣ ዘሀራ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ቲቸር፣ ግራ እጅሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ልብሴን ሆቴል ቀይሬ፣ እስከ ክንዴ ታጥቤ ነው ሚኒባስ የምሳፈረው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሁለታችንም ጾመኛ ሆንን። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ብችልም፣ የጠዋት ተረኛ በነበርኩ ቀን እሷን ጠብቄ አብረን እንፈታለን፤ በተምር፣ በምስር ሾርባ፣ ለእኔ ሥጋ በሌለው ሳምቡሳ። ልምምዱን ያደረግነው ከዚያ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ሃያ አንድ ብልቃጥ ነበረኝ። ዘሀራ ዓይኔን በሻርፗ ታስርና አንዱን አፍንጫዬ ሥር ትይዛለች። ከጎረቤት የሚጠበሰው ሳምቡሳ ሽታ በኮሪደሩ ገብቶ ሁለታችንንም ያሰቃየናል።

«ይሄስ?»

«ቁንዶ በርበሬ።»

«የቱ? ድፍኑ ወይስ የተፈጨው?»

«… የተፈጨው።»

«ትናንት የተፈጨ ነው ዛሬ?»

«ዘሀራ፣ እሱን ፈረንሳዮቹም አይጠይቁኝም።»

«እኔ እጠይቅሻለሁ። አብሽሪ፣ የጾመ አፍንጫ አይዋሽም። ምሳ በልቶ ሽቶ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ውሃና የዑድ ሽቶ አይለይም።»

አፍንጫዬ ሲደክም የማደርገውንም እሷ ናት ያስተማረችኝ። «የራስሽን ክንድ አሽቺ። ሰው ለራሱ አይሸትም፤ እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ዜሮ ይሆናል።» ልክ ነበረች። ሰሌዳ እንደመጥረግ ነው፤ አንዱ ትምህርት ሳይጠረግ ሌላው አይጻፍም።

ረመዳን አለቀ፣ ዒድ ሆነ። የእኔ ጾም ገና ነበር። ዘሀራ በዒድ ማግስት «እኔ ኸላስ ጨርሻለሁ፤ አንቺ ቀረሽ» ብላ ሳቀችብኝ። የፈተናው ሳምንት ሲመጣ ግን ከዒድ በኋላ የሚጾመውን ስድስት ቀን ያዘች። «ለኔ ነው የምጾመው፤ ላንቺ አይምሰልሽ» አለችኝ። ጠዋት ስወጣ እሷም ሳትበላ ወጣች።

ሙቀቱ ጀምሮ ነበር። ከሻርጃ ዱባይ የሚወስደው መንገድ ተጨናንቆ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ደብተሬን ጭኔ ላይ ይዤ በላብ ራስኩ። አራት ሰዓት ላይ በባዶው የምግብ አዳራሽ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ስድስት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ ሁሉም ሲሶ ብቻ። ሚስተር ፍራንሲስ ማዶ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው እርሳስ ነው። «ፈረንሳይ፤ ቦርዶ» አልኩ። ከምን ጋር እንደሚበላ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ክንዴን አሸተትኩ። ሁለተኛው ላምባ፤ «ጀርመን።» ሦስተኛው ቃሪያ፤ «ኒውዚላንድ።» አራተኛው ቁንዶ በርበሬ፣ ያውም በዚያን ቀን የተፈጨ፤ «አውስትራሊያ።» ሁሉንም አገኘሁ። ሚስተር ፍራንሲስ በየተራው ምልክት አደረገ። «ክንድሽን ምን ሆንሽ?» ብቻ አለኝ። «ሰሌዳ እየጠረግኩ ነው» አልኩት።

አምስተኛው ጭስ ጭስ አለኝ። እንጨት አለበት፣ ጭስ አለበት፤ «ስፔን» አልኩ።

«ደቡብ አፍሪካ» አለ።

የራሴን አህጉር ሳትኩ። አሁን አራት አለኝ፣ አንድ ብርጭቆ ቀርቷል። ክንዴን ሁለት ጊዜ አሸተትኩና ስድስተኛውን አነሣሁ።

ዘቢብ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። እናቴ በየወሩ በወረቀት ጠቅልላ ለቤተ ክርስቲያን የምትልከኝ፣ መንገድ ላይ ለመስረቅ እጄን እየበላኝ የማደርሰው ዘቢብ። «ጣሊያን። ፍሬውን ሳይጨምቁ ያደርቁታል» አልኩ።

«ጣሊያን ነው» አለ። «አሁን እንግዳው ይጠይቅሻል፤ ጣፋጭ ነው ወይስ ደረቅ?» የማይጣፍጠውን ወይን ደረቅ ነው የሚሉት።

ዘቢብ ጣፋጭ ነው። አፍንጫዬ ጣፋጭ ነው እያለ ይጮሃል። ግን የእናቴ ጨው ትዝ አለኝ፤ ሽታው ሞልቶ ጨው ያነሰበት ዶሮ ወጥ ስንት ፋሲካ በልተናል። ይህን የሚያውቀው ምላስ ብቻ ነው። ብርጭቆው እጄ ላይ ነው። አንድ ጠብታ ቀምሶ መትፋት ይቻላል፤ ማንም አያውቅብኝም፣ ሚስተር ፍራንሲስም አይፈርድብኝም። ፊርማው፣ ቪዛው፣ አባቴ በሩ ላይ፣ ሁሉም እዚያች ጠብታ ውስጥ ነበሩ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ወደ እሱ ገፋ አደረግኩት።

«ሚስተር ፍራንሲስ፣ ይቅመሱልኝ» አልኩት።

«ምን?»

«እንግዳው ቢጠይቀኝ በግምት አልነግረውም። ‘አንድ ደቂቃ ይታገሱኝ’ ብዬ የቀመሰ ሰው ሄጄ እጠይቃለሁ። እዚህ ጾም ያልያዘው እርስዎ ነዎት።»

መሐረቡን አወጣና ይህን ጊዜ አፉን ጠረገበት። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥቶ ቀመሰ፤ የሚያውቀውን ወይን እንደማያውቀው አድርጎ፣ ቀስ ብሎ።

«ደረቅ ነው» አለ።

ባዶ ወደሆነው ወንበር ዞርኩ። «ጌታዬ፣ ሲያሸቱት ዘቢብ ይላል፤ ሲቀምሱት ግን አይጣፍጥም። ከበሰለ ሥጋ ጋር ነው የሚሄደው» አልኩት።

«እንግዲህ እስከ ፋሲካ ምላስሽ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለ ሚስተር ፍራንሲስ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግን አልተቆጣም። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ፈረመ። ከዚያ ብዕሩን ሳይከድን «ሁለት ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሲሶ። ኮካም የለም» አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ያንኑ የጣሊያን ወይን አስቀምጦ ጠበቀኝ። ቀመስኩት። አፍንጫዬ እናቴን አምጥቶ፣ ምላሴ ማንንም አላገኘም፤ ጠንካራ፣ የሚቆነጥጥ፣ እንግዳ ነገር ነበር። ወድጄው እንደሆነ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ግን አልረሳሁትም። ማታ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ሻርጃ ስገባ ለዘሀራ ነገርኳት።

«አፍንጫ ቃል ይገባል እንጂ አይፈርምም» አለችኝ። «የሽቶ ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምነግራቸው እሱን ነው። ቆዳሽ ላይ እስኪያድር ጠብቂ እላቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም።»

እነሆ በእህቴ ቤት፣ በዚያ ሙሉ ብርጭቆ ፊት ተቀምጬ ይህ ሁሉ መጣብኝ። ሞልቶ መቅዳት ስህተት ነው እያልኩ ስንቱን ልጅ አስተምሬያለሁ። ልክ ነኝ፤ ሙሉ ብርጭቆ አይወዛወዝም፣ ሽታውን አይሰጥም። ግን ሕሊና የሞላችው ስለማታውቅ ብቻ አይደለም። እኔም ያን ጊዜ ሽማግሌውን ስለናቅኳቸው አልነበረም። ይህን ማስረዳት አለመቻሌ ነው መሰለኝ ዝም ያሰኘኝ። አንገቴን ደፋሁና፣ ልክ እንደ ሽማግሌው፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሳብ አደረግኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ዘሀራ ከኮምቦልቻ፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰሽ ለማለት ትደውላለች፤ በዒድ እኔ እደውላለሁ። ከሰላምታው በኋላ የምትጠይቀኝ አይቀየርም። አንድም ቀን ወይን በአፏ ሳይገባ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከየአገሩ ያገኘሁትን በስልክ ነግሬያታለሁ።

«እህ ቲቸር፣ ዛሬስ ምን ሸተተሽ?»

ስልኩን ለሕሊና ሰጠኋት። «አንቺ አሽቺና ንገሪያት» አልኳት። ሕሊና ደነገጠች። የራሷን ብርጭቆ አንሥታ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔ እንጃ እትዬ ዘሀራ… እንደ አዲስ ጫማ ሳጥን። ካርቶኑ ሳይሆን ውስጡ።»

ከማዶ የዘሀራ ሳቅ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ስልኩ ሲመለስልኝ «ይቺ አፍንጫ አላት፤ ያዣት» አለችኝ።

«አፍንጫ አላት፤ ግን ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልታ ነው የቀዳችልኝ» አልኳት።

«ታዲያ ለአክስቷ ጎዶሎ ትቅዳ?» አለች ዘሀራ።